በር ላይ የተጫነ ቤት

በየከተማው «አይችልም» የሚለውን ቃል ጆሮው ሰምቶት የማያውቅ አንድ ጫኝ አይጠፋም። አገሩ ይለያያል እንጂ ሰውየው አንድ ነው። አንዱ ጋ አህያ ይነዳል፣ ሌላው ጋ ጋሪ ይገፋል፣ ሌላው ጋ ጀርባውን ያከራያል። ቁም ሳጥን ይሁን፣ የወፍጮ ድንጋይ ይሁን፣ እግሩ የተሰበረ በሬ ይሁን፣ ያሳዩትን ነገር አንድ ጊዜ ይዞረዋል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያየዋል፤ ቀና ሲል «ቦታ አለው» ይላል። ዕቃው ከመጫኛው ሦስት እጥፍ ቢበልጥ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር የተከራከረ ሁሉ፣ ክርክሩን ሳይጨርስ ዕቃው ተጭኖ ያገኘዋል።

የአሰላው ጫኝ ሁሴኖ ይባል ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ግን ስም ማሳመር ልማዳቸው ነውና «ሊቀ ጫኞች ሁሴኖ» ብለው ሾሙት። እሱም ሹመቱን ሳይደሰትበትም ሳይከፋበትም ተቀበለ። «እንደ ሹመት የቀለለ ነገር ጭኜ አላውቅም» አለ ይባላል።

የሊቀ ጫኞች ሀብት አንዲት ብስክሌትና አንዲት ተሳቢ ነበሩ። ብስክሌቷ ጣሊያን አገር ለቆ ሲወጣ ጥሏት የሄደው ናት። ደወል የላትም። የፊት ፍሬኗ ተበልቶ አልቋል፤ የኋላው ተፈትቶ የቤቱ መስኮት መደገፊያ ሆኗል። ወዳጁ ጎሚስታው «ከጎማው ይልቅ ልጣፉ ይበዛል» እያለ ይምልባት ነበር። ተሳቢዋን የሠራት ራሱ ነው። ሁለት የሞተር ብስክሌት ጎማዎችን በአንድ የብረት ዘንግ አጋጠመና፣ በላያቸው ላይ አርቦዬ በምትባል ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት ሲፈርስ ያገኘውን ወፍራም የዝግባ በር አጋደመ። በሩ መቀርቀሪያው ሳይወልቅ ነው የመጣው። ሁሴኖ ጭኖ ሲጨርስ መቀርቀሪያውን ቀጭ ያደርገዋል፤ ምን ላይ እንደሚቀረቅረው ግን እስከ ዛሬ ያወቀ የለም።

«ይህ ሁሉ ዕቃ በዚህች ላይ?» ላለው ሰው መልሱ ምንጊዜም አንድ ነበር።

«ቤትዎ ሲገባ በምን ገባ?»

«በበር ነዋ።»

«እንግዲያው በበር የገባ ሁሉ በበር ላይ ይሄዳል።»

ይህን ክርክር የረታ ጠበቃ አሰላ ላይ አልተገኘም።

ልብስ ሰፊው ከሊል ሱቁን ወደ ኢተያ ሲያዛውር፣ የስፌት መኪናውን ከነከሊል የወሰደው ሁሴኖ ነው። ከሊል በመንገድ ሥራ አልፈታም ይባላል፤ አሰላ የጀመረውን ሱሪ ኢተያ ሲደርስ ጨርሶት ነበር አሉ። ወሬው የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ሱሪውን ያዩ ሰዎች ግን ሁለቱ እግሮቹ የአንድ ሰው እንዳልነበሩ ይመሰክራሉ።

ወደ ኦጎልቾ የተዛወረ አንድ የጤና ረዳት ደግሞ ቁልፉ የጠፋበት ቁም ሳጥን ነበረው። ሁሴኖ እንደ ተቆለፈ ጫነው። ኦጎልቾ ደርሶ በሩ ተገንጥሎ ሲከፈት የሰፈሩ ድመት ከሦስት ግልገሎቿ ጋር ብቅ አለች። ሁሴኖ አልደነገጠም። «አንድ ጭኜ አራት አስረከብኩ። በእኔ ጭነት ጎደለ የሚል ይምጣ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ሕግ አወጣ፤ ሳጥን፣ ከረጢት፣ ጥቅልል ምንም ቢሆን ሳይከፍት አይጭንም። «ያላየሁትን አልሸከምም» ይላል። የሰው ጓዳ የመንደሩ ሁሉ መሆኑ ያናደዳቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ሌላ ተሳቢ ስላልነበረ ግን ንዴታቸውን ይዘው ሳጥናቸውን ከፈቱ።

እንዲህ የሰው ዕቃ ሲከፍት ኖሮ አንድ ዕውቀት አተረፈ። ዕቃውን አይቶ ባለቤቱ አሰላ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ይናገራል። አሰላ በዚያን ጊዜ ከየአገሩ በተመደቡ አስተማሪዎች፣ ጸሐፊዎችና ሐኪሞች የተሞላች ነበረች፤ ሁሉም «ለጊዜው ነው» እያሉ በሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ሁሴኖ ዝውውራቸውን ከመሥሪያ ቤታቸው ቀድሞ ያውቀዋል። «ወንበር የገዛ ሦስት ዓመት ይቀመጣል» ይላል። «ቁም ሳጥን የገዛ ይወልዳል። ጓሮው ድንች የተከለ እዚሁ ይቀበራል።» ድንች የተከለ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ይህን ሰምቶ በማግስቱ ነቅሎታል።

ከሁሉ የከበደው ግን ገመዱ ነበር። ብስክሌቷ ፍሬን እንደሌላት ተነግሯል። አሰላ ደግሞ ከጭላሎ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከላይኛው ሰፈር የወደቀ ሎሚ ማንም ሳይነካው ታችኛው ሰፈር ይገባል። ታዲያ የሁሴኖ ጭነት በምን ይቆማል ቢሉ፣ በባለቤቱ ነው። ከተሳቢዋ ኋላ አሥር ክንድ የሚሆን የጠፍር ገመድ ታስሯል። ዳገት ሲሆን ባለቤቱ ይገፋል፤ ቁልቁለት ሲሆን ገመዱን በወገቡ አዙሮ ወደ ኋላ ይንጋለላል። ይህን ሥራ ሌላ ሰው እንዲሠራለት የለመነ ባለሥልጣን ነበር። ሁሴኖ አልሰማውም። «ሰው የራሱን ሳህን የያዘውን ያህል የባዕድ ሳህን አይዝም» አለና ገመዱን አቀበለው። እውነቱን ለመናገር በእሱ ጭነት አንድ ብርጭቆ ተሰብሮ አያውቅም።

ስለዚህ አሰላ ውስጥ ያንን ገመድ ያልያዘ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ዳኛው ይዘውታል፤ ሐኪሙ ይዞታል፤ የግምጃ ቤቱ ሹም በካፖርታቸው ላይ አስረውታል። ደግሞ ሁሴኖ ሜዳ ላይ እጅግ ትሑት ነው፤ ለሁሉም «እርስዎ» ይላል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን አንቱታው ይቆማል። «ሳበው፣ አንተ! ተኛበት!» እያለ በአደባባይ ያዛል። የግምጃ ቤቱ ሹም ታች ደርሰው ትንፋሻቸው ሲመለስ ስለ ድፍረቱ ቢጠይቁት፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ማለት ረጅም ነው። ተናግሬ እስክጨርስ ጭነቱ ወንዝ ይገባል» አላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ሰውን ያስገርም ነበር። የዳኛው ዕቃ ብዙ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ በሁሴኖ ተሳቢ ሲያልፍ ግን ከበግ ቁመት አይበልጥም፤ ሸራ ለብሶ መሬት መሬት እያየ ያልፋል። ከትምህርት ቤት ሌላ ቤት የማያውቁት የአስተማሪዎች ዕቃ ግን እንደ ግንብ ተቆልሎ ነበር የሚሄደው። ሰው ሁሉ የጫኝ እብደት ነው ብሎ ተወው።

በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ወልደሰንበት ቤት የሚቀይርበት ቀን መጣ። ወልደሰንበት የቡልጋ ሰው ነው። ካገባ ሦስት ወር ሳይሞላው ወደ አርሲ ስለተመደበ፣ ሚስቱን ተናኘወርቅን አባቷ ባላምባራስ አስናቀ ዘንድ ትቷት መጣ። «ቤት ላደራጅና ትመጫለሽ» ብሏት ነበር። አሰላ በወይዘሮ ትርፌ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ሁለት ዓመት ሙሉም ምንም አላደራጀም። ደመወዙ ለእናቱና ለወንድሞቹ ይሄዳል። ይህን ለሚስቱ መጻፍ አፈረ። በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው ነውና ቤቱን በጽሑፍ አደራጀው። በመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ ወንበር ገዛ። በሁለተኛው ሁለት ሆኑ። በፋሲካው ደብዳቤ አራት ሞሉ። ለእንቁጣጣሽ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ጨመረ። ቤቱ በደብዳቤ እየሞላ ሲሄድ፣ እሱ እዚያችው አንዷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጽፋል።

ከዚያ መልስ መጣ። «ቅዳሜ ከአባባ ጋር እደርሳለሁ» ይላል የተናኘወርቅ ጽሑፍ። «አባባ ቤቱን በዓይኔ አይቼ ከሆነ እተውሻለሁ፣ ካልሆነ አብረን እንመለሳለን ብለዋል። ሁለት ዓመት የጠበቀች ሴት ሦስተኛ አትጠብቅም ብለዋል። እኔም ሰልችቶኛል።»

ወልደሰንበት ይህን ባነበበ በማግስቱ ታችኛው ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየ። ሐሳቡ ሐሙስ ዕለት ዕቃውን አዛውሮ፣ ዓርብ ከጓደኞቹ ሦስት ወንበር ተውሶ፣ ቅዳሜ እንግዶቹን መቀበል ነበር። ሐሙስ ግን ሁሴኖ አልመጣም፤ የጠጅ ቤቷ ጥሩነሽ ጋኖች ይዘውት ዋሉ። ዓርብም ዋሉ። የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ በገበያ ቀን፣ አውቶቡሱ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን አፈረስከው» አለው ወልደሰንበት።

«ገና አልጫንኩትም፣ ጌታዬ» አለ ሁሴኖና ሳጥኖቹን መክፈት ጀመረ።

ለመክፈት ብዙ አልደከመም። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ የጭድ ፍራሽ ከነብርድ ልብሱ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የልብስ ሳጥን፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ፋኖስ፣ አንዲት የጣውላ ሣጥን። የጣውላዋን ሣጥን ክዳን አንሥቶ ውስጧን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ወልደሰንበት የሚመጣውን ትንቢት ጠበቀ። ወይዘሮ ትርፌም ለጸሐፊው ስንት ዓመት እንደሚልለት ለመስማት በራፏ ላይ ቆማ ነበር። ሁሴኖ ግን ያን ቀን ምንም አላለም። ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰው።

«በወንዙ በኩል እንሂድ» አለ ወልደሰንበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያችን ጥቂት ዕቃ በገበያው መሀል ማሳለፍ ለእሱ ራቁቱን ከማለፍ አይለይም።

«በወንዝ በኩል የሚሄደው የተሰረቀ ዕቃ ነው። የጸሐፊ ዕቃ በአደባባይ ይሄዳል።»

«እኔ ነኝ ባለቤቱ።»

«ባለቤቱ ገመድ ይይዛል። መንገድ የሚይዘው ጫኙ ነው።»

ከዚያ መጫን ጀመረ። ወልደሰንበት ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰውየው አልጋውን እንደ መሰላል አቆመው። ጠረጴዛውን ከአልጋው ጋር አስሮ ወደ ላይ ሰቀለው፤ ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ አድርጎ አቆመ። ፍራሹን በአንድ በኩል እንደ ግድግዳ አቁሞ፣ በሌላው በኩል ብርድ ልብሱን ዘረጋና ውስጡ ባዶ መሆኑ እንዳይታይ አድርጎ ዙሪያውን ጠፈረው። የልብስ ሳጥኑን ከፊት፣ ፋኖሱን ከጎን ሰቀለ። በመጨረሻ ሳፋውን ጫፉ ላይ ደፋው፤ በፀሐይ እንደ ጉልላት አበራ። መቀርቀሪያውንም ቀጭ አደረገ።

ወይዘሮ ትርፌ ቀና ብላ አየችውና «ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ከዚያች ክፍል ነው የወጣው?» አለች። ቀጥሎም ዞር ብላ የራሷን ዕቃ ልትቆጥር ወደ ቤቷ ገባች።

ወልደሰንበት የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው በድህነቱ እየተጫወተበት ነው። ያም ሆኖ ሰዓቱ እየሄደ ነበርና ገመዱን ያዘ።

ገበያው መሀል ሲደርሱ ነጋዴው ቆሞ አየ፣ ሸማቹም ቆሞ አየ። ማሾ የምትሰፍር አንዲት ሴት ጣሳዋን ከፍ እንዳደረገች ቀረች። «እግዜር ይባርክልህ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ!» አለ አንዱ ባለጉዳይ ከሩቅ። «እኔ እኮ ምስኪን መስሎኝ!» ሲል ሌላው ተሰማ። ወልደሰንበት ከአንገቱ ጎንበስ እያለ ሰላምታ ይመልሳል፤ ከጆሮው ሥር ላብ ይወርዳል። አንዲት ነፋስ ብርድ ልብሱን ገልጣ ውስጡን ብታሳይ ምን እንደሚሆን እያሰበ ነበር።

በዚህ መሀል ከኋላ ክላክስ ተሰማ። ከናዝሬት የሚመጣው አውቶቡስ ነው፤ ያን ቀን ብቻ ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰ። መንገዱን የዕቃው ግንብ ሞልቶታል። ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ፤ ሁሴኖ ዘወር ብሎ አላየም። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤ ሁሴኖ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አውቶቡሱ ሰው በሞላበት ገበያ ውስጥ በሁሴኖ እርምጃ እየተጎተተ ተከተለ።

«የማን ጓዝ ነው ይህ ሁሉ?» አሉ ከፊት ወንበር የተቀመጡ፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ።

«የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው። አቶ ወልደሰንበት» አለ ረዳቱ።

ሽማግሌው ዘወር ብለው ከጎናቸው ያለችውን ልጃቸውን አዩ። ተናኘወርቅ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። ባላምባራስ አስናቀ አውቶቡሱ ቆም ሲል ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። አማቻቸውን ያገኙት በታችኛው ሰፈር ቁልቁለት አፋፍ ላይ፣ ገመድ በወገቡ ታጥቆ ነው። ወልደሰንበት አያቸው። እጅ ሊነሣ ጎንበስ ሲል ገመዱ ላላ፤ ግንቡ ወደፊት ተንደረደረ።

«ሱታ! ሱታ!» አለ ሁሴኖ ከፊት፤ ቀስ ማለቱ ነው። ወዲያው አንቱታው አለቀ። «አንተ ጸሐፊ፣ ተኛበት! አንተ ሽማግሌ፣ ምን ቆመህ ታያለህ፣ ጫፉን ያዝ!»

ባላምባራስ በዕድሜያቸው «አንተ» ያላቸው ሰው ካለ ሞቷል። ነገር ግን ሳፋው ጫፍ ላይ ሲወዛወዝ አይተው ዱላቸውን ጣሉና ጫፉን ያዙ። አማትና አማች በአንድ ገመድ ተንጋለሉ። የሽማግሌው ባርኔጣ ወደቀና በራሱ መንገድ ቁልቁል ቀደማቸው። ተናኘወርቅ ከአውቶቡሱ ወርዳ፣ ዱላውን አንሥታ፣ ባርኔጣውን ለመያዝ እየሮጠች ስታልፋቸው ሳቋን በነጠላዋ ይዛ ነበር።

ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። አንድ ሳህን አልተሰበረም። ሁሴኖ ገመዱን ፈታ፤ ግንቡ ተናደ። ወደ ቤት የገባው በሦስት ምልልስ አለቀ።

ባላምባራስ አቧራቸውን አራግፈው፣ አንዷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ ደጁን አዩ። በሩ ባዶውን ጎማዎቹ ላይ ተኝቷል።

«ሌላውስ?» አሉ።

«የቱ ሌላው፣ ጌታዬ?» አለ ወልደሰንበት።

«ያ ተራራ ምን ዋጠው? አራት ወንበር ብለህ ጽፈሃል። ይቺ አንዷ ናት፤ እኔ ተቀምጨባታለሁ። ቁም ሳጥኑስ?»

ወልደሰንበት አፉን ከፈተ። ፍርድ ቤት ነው ያለው ሊል ነበር፣ አናጢ ጋ ነው ሊል ነበር። ሁለት ዓመት ሲዋሽ የኖረ እጁ ነው እንጂ ምላሱ አልለመደም። ተናኘወርቅ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የተሸከመችውን ስንቅ ገና ከትከሻዋ አላወረደችም።

ሁሴኖ ገመዱን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነበር። አሁን ሜዳ ላይ ናቸውና አንቱታው ተመልሷል።

«ባላምባራስ፣ እኔ ዕቃ እንጂ ሰው አላውቅም» አለ። «የሰው ዕቃ ስጭን ኖሬአለሁ። ብቻውን ሊኖር የመጣ ሰው ዕቃው ይታወቃል፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ኩባያ ነው። ሊሄድ ያሰበ ሰው ደግሞ ኩባያውንም ከጎረቤት ይዋሳል። ጸሐፊው አራት ወንበር የለውም። ቁም ሳጥንም አላየሁም። እቺን ግን ይዩልኝ።»

የጣውላዋን ሣጥን ሳበና ክዳኑን አነሣ። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት የቆርቆሮ ኩባያዎች ነበሩ። አንደኛው ኩባያ አፉ ተልጦ፣ እጀታው ጠቁሮ አርጅቷል። ሁለተኛው ከሱቅ እንደ ወጣ በገለባ ተጠቅልሎ፣ ክሩ እንኳ አልተፈታም።

«ሁለቱም የአንድ ቀን ግዢ ናቸው» አለ ሁሴኖ። «ዕቃ ነው፣ አይዋሽም። አንዱ ሁለት ዓመት ሲጠጣበት ሌላው ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። የሌላ ሰው ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ እናገራለሁ፤ የዚህን ሰው ግን መናገር የእኔ አልመሰለኝም።»

ተናኘወርቅ አባቷን አየች።

«አባባ፣ አውቶቡሱ ተመልሶ የሚሄደው በስንት ሰዓት ነው?»



«ነገ ጧት ነው። አብረን እንሳፈራለን» አሉ ባላምባራስ።

«ለእርስዎ ነው የጠየቅሁት» አለችና ስንቋን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከሣጥኗ አዲሱን ኩባያ አንሥታ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ገለባውን አራገፈች። «ወንዙ የት ነው ያለው? ውኃ ጠማኝ» አለች ባሏን።

ባላምባራስ ያን ምሽት በአንዷ ወንበር ተቀምጠው እራት በሉ፤ ባልና ሚስት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው በማግስቱ ሲሳፈሩ ስለ ቤቱ ክፉም ደግም አልተናገሩም። «ያ ጫኝ ባለጌ ነው» ብቻ አሉ፤ «ገመዱ ግን ደህና ገመድ ነው።»

ወልደሰንበት ሁሴኖን ስለ ምስክርነቱ አመሰገነው፤ ግንቡን ግን ይቅር አላለውም። በገበያ መሀል ያሳለፈው ውርደት ዓመታት ሙሉ በልቡ ቀረ። ለወዳጆቹ ሲያወራ «ደግ ሰው ነው፤ ሰው ሲሳቅበት ግን ደስ ይለዋል» ይል ነበር።

ሰባት ዓመት አለፈ። ወልደሰንበት ዋና ጸሐፊ ሆነ። ልጃቸው ፅጌረዳ አምስት ዓመቷን ያዘች። በደብዳቤ የተገዙት አራት ወንበሮች በእውነት ተገዙ፤ ስድስትም ሆኑ። መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ገባ። ራዲዮ ገባ። ጓሮው ድንች ተተከለ፤ ማንም አልነቀለውም። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የራሳቸውን ቤት ሠርተው ሲጨርሱ፣ ጓደኞቹ የጭነት መኪና እንዲጠራ መከሩት። በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ መኪና ሞልቷል፤ ሁሴኖም ጢሙ ሸብቷል። ወልደሰንበት ግን ሁሴኖን ጠራ። ለማንም ያልነገረው ሐሳብ ነበረው፤ ያን ግንብ ዛሬ በእውነተኛ ዕቃ ተሠርቶ በገበያው መሀል ሊያየው ይፈልጋል።

ሁሴኖ ስድስቱን ወንበሮች እርስ በርስ ቆላልፎ አጋደማቸው። ቁም ሳጥኑን በጀርባው አስተኛ፤ መስታወቱን በፍራሽ ሸፈነ። ራዲዮውን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ ከሥር ደበቀው። በላዩ ላይ ያረጀ ሸራ ጣለበት። ጭነቱ ከበግ ቁመት አልበለጠም። በአንድ ጊዜ የሚሄደውን በአራት ምልልስ ከፈለው። መንገዱንም በወንዙ በኩል አደረገው።

«ጋሽ ሁሴኖ» አለ ወልደሰንበት፤ ቅር ብሎታል። «ያን ጊዜ ምንም ሳይኖረኝ ሰማይ አስነክተው በገበያ መሀል አሳለፉኝ። ዛሬ ስድስት ወንበር ኖሮኝ እንደ ሌባ በወንዝ ይወስዱኛል?»

ሁሴኖ ጠፍሩን እያጠበቀ ቀና አላለም።

«ያን ጊዜ ዕቃ አልነበረዎትም» አለ። «የሌለውን ሰው ሰው ካላየለት ማን ያበድረዋል፣ ማንስ ያከብረዋል? ስለዚህ ከፍ ነው። ዛሬ አለዎት። ያለውን ሰው ሰው ሲያይበት ዓይን ይበዛል፣ ተበዳሪ ይበዛል፣ ነገር ይበዛል። ስለዚህ ዝቅ ነው። ዳኛው ይኸን ያውቁ ነበር፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ሆነው እንዴት ሰባት ዓመት ፈጀብዎት?»

ማሾ ሰፋሪዋ ጣሳዋን ከፍ እንዳደረገች የቀረችው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ባለሱቆች ቀድመው ሰላም ያሉት፣ ዱቄት ሻጩ ያለ መያዣ እስከ ወር መጨረሻ የጠበቀው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለወልደሰንበት ትዝ አለው። ሳይታዘዝ ወደ ኋላ ሄደና ገመዱን በወገቡ አዞረ።

ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ሲጀምር «አንተ ጸሐፊ፣ ተኛበት!» የሚል ድምፅ ከፊት መጣ። ዋና ጸሐፊው ተኛበት። ደስ ብሎት ነበር የተኛበት፤ ሰባት ዓመት ያለ ማዕረጉ የጠራው ሰው አልነበረም።

ለመጨረሻው ምልልስ ሲነሡ ተናኘወርቅ ከጓዳ ወጣች። ሁለቱን የቆርቆሮ ኩባያዎች ይዛለች። አሁን ሁለቱም አርጅተዋል፤ የቱ አዲስ እንደነበረ መለየት አይቻልም። ተሳቢዋ ግማሽ ባዶ ነበረች። ሁሴኖ ኩባያዎቹን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ተሳቢዋን ከሥር አየ፤ ቀና አለ።

«ለእነዚህ ቦታ የለኝም፣ እመቤቴ» አለ። «በእጅዎ ይያዟቸው።»

ወልደሰንበት ይህን ታሪክ እስኪያረጅ ድረስ በአሰላ ተናግሯል። ስለ ግንቡ ሲናገር ሰው ያምነዋል። ባላምባራስ ገመድ ያዙ ሲልም ያምነዋል። ሁሴኖ «ቦታ የለኝም» አለ ሲል ግን እስከ ዛሬ ያመነው አንድ ሰው የለም።